ማር የተቀባ አውራ ጣት

ባለፈው ዓመት ከሥራ ሲያሰናብቱኝ አንድ ብርድ ልብስና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ብርድ ልብሱን ለእህቴ ሰጠኋት። ሰዓቱን ግን ሳሎኔ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ፤ በጮኸ ቁጥር የሕፃናት ወተት የረሳሁ እየመሰለኝ ብድግ እላለሁ። ልጄ "እማዬ፣ ጡረታ ወጥተሻል እኮ" ትለኛለች። ወጥቻለሁ፣ አውቃለሁ። እግሬ ነው ያልወጣው።

ሀዋ እባላለሁ። ልጆቹ እቴ ሀዋ ይሉኛል። ወልድያ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ሽቅብ ሲሄዱ፣ ሰማያዊ በር ያለው የሕፃናት ማሳደጊያ ነበረ። እኔ እዚያ የቤት እናት ነበርኩ። የቤት እናት ማለት እንደ ስሙ ነው፤ ታጥቢያለሽ፣ ታበጥሪያለሽ፣ ትቆጪያለሽ፣ የተቆጣሽውን መልሰሽ ታባብያለሽ። በኋላ እንግሊዝኛም ትንሽ ትንሽ ስለምሞክር፣ በበጎ ፈቃድ ከውጭ የሚመጡትን ፈረንጆች መቀበልና ማስተርጎም በላዩ ተጨመረልኝ። ደመወዙ አልተጨመረም። ይሁን፣ ዕድሜ ልኬን ያሳቀኝን ነገር ከእነሱ ነው ያገኘሁት።

ዛሬ ሥራው እንደ ድሮው አይደለም። ልጆችን አንድ ግቢ ሰብስቦ ማሳደግ ቀርቶ፣ ዘመድ አፈላልጎ ከዘመድ ጋር ማኖር ሆኗል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ከልቤ ነው የምለው። የጦርነቱን ወራት እዚህ አልጽፍም፤ እሱ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ይፈልጋል፣ እኔም ገና አቅሙ የለኝም። እኔ የምጽፈው ደስ የሚለኝን ነው። ደስ ከሚለኝ ሁሉ ደግሞ ሰው ሳይጠይቀኝ የማወራው አንድ ቀን አለ፤ መርሳ አጠገብ ወዳለችው ግራና የሄድንበት ቀን።

እዚያ ለመድረስ ግን መጀመሪያ ጋሽ ይማምን ማወቅ አለባችሁ።

ጋሽ ይማም የልጆች አያያዝ ኃላፊያችን ነበሩ። ከዚያ በፊት ሀብሩ ውስጥ በየገጠሩ እየዞሩ የሚያክሙ ድሬሰር ነበሩ፤ በእሳቸው እጅ መርፌ ያልተወጋ የመርሳ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሥራውን ሁሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አዲስ ልጅ ሲመጣ ወንበር ላይ አይቀመጡም። መሬት ላይ ቁጭ ይላሉ፣ ልጁ ከላይ ሆኖ እንዲያያቸው። ጉልበታቸው ሲደክም እንኳ "ጋሽ ይማም፣ አንቱ በርጩማ ላይ ይቀመጡ" ስላቸው፣ "እሱ ሳይቀመጥ እኔ ልቀመጥ እንዴ?" ይሉኝ ነበር።

ደግሞ የሚከለክሉን ጥያቄ አለ። እኛ አገር ልጅ ስናገኝ መጀመሪያ የምንለው "የማን ልጅ ነህ?" ነው፤ አፋችን ላይ ያደገ ነገር ነው። እሳቸው ይቆጡናል። "የማን እንደሆነ ቢያውቅ፣ ያ ሰውም አጠገቡ ቢሆን፣ እዚህ ምን ያደርጋል? ለምን ታስለቅሱታላችሁ?" ይላሉ። እሳቸው የሚጠይቁት ሌላ ነው። ጠዋት ማን ነበር የሚቀሰቅስህ? ውሃ የምትቀዱት በምንድን ነው? ቤታችሁ ላይ ሲዘንብ ምን ይላል? ልጁ "ጠጠጠጠ ይላል" ካለ ቆርቆሮ ቤት ነው። "ዝም ይላል" ካለ ሣር ቤት ነው። ግመል ሲያልፍ አይቻለሁ የሚል ከቆላው በኩል ነው፤ ጠዋት ጠዋት የመኪና ጡሩምባ የሚሰማ ከአስፋልቱ ዳር ነው። እንዲህ እንዲህ እያሉ ስንቱን ከቤቱ አድርሰውታል።

ስሙን የማይናገር ልጅ ከመጣ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም የሚሆን ስም ያወጡለታል፤ ሰላም፣ ፍቅር፣ ብርሃን የመሳሰለ። የቤተሰቡ ሃይማኖት እስኪታወቅ ድረስም ሥጋ አናበላውም። ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ወተት። የእስላሙ ሥጋ ለብቻ፣ የክርስቲያኑ ለብቻ ነው የሚሠራው፤ አገሩ እንደዚያ ነው። "የሰው አማና ነው፣ አደራ ነው፤ ስንመልሰው ያላስፈቀድነውን አብልተን መመለስ የለብንም" ይላሉ ጋሽ ይማም።

ይህን የማያውቅ ፈረንጅ መጥቶ ምን እንደሠራ ልንገራችሁ። አንድ ቁመቱ ጣራ የሚነካ ወጣት ነበር። ልጆቹን ላስደስት ብሎ ከገበያ ሁለት ዶሮ ገዝቶ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ከግቢው ጀርባ በገዛ እጁ አረዳቸው። ላባውን ነጭቶ፣ ጠብሶ፣ በትሪ አቅርቦ "ብሉ" አለ። አንድ ልጅ እጁን አልዘረጋም። የእኛዎቹ "ቢስሚላህ አልተባለበትም" አሉ። የክርስቲያኖቹ ልጆች "በስመ አብ አልተባለበትም" አሉ። ፈረንጁ ተጨንቆ ወደ እኔ ዞረና "ታዲያ ይህ የማን ዶሮ ነው?" አለኝ። "ያንተ" አልኩት። ሁለቱን ዶሮዎች ብቻውን በላ፤ በሦስተኛው ቀን ዶሮ ሲያይ ፊቱን ያዞር ነበር።

ሳቁ እንዳለ ሆኖ የፈረንጆቹ ነገር የሚከብድ ጎንም አለው። በፍቅር ይመጣሉ፣ ልጅ ያቅፋሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ "እመለሳለሁ" ይላሉ፣ ይሄዳሉ። እነሱ በሄዱ ማግስት ግቢው ያለቅሳል፤ የሚያባብለው ማን ነው? እኔ። ስለዚህ ሕግ አወጣሁ። ነገ የማታቅፊውን ልጅ ዛሬ አትቀፊ። እመለሳለሁ አትበዪ። ለጥቂት ቀን ብቻ ከሆነ የመጣሽው አጥር እንቀባ፣ ካልሆነ ድንች እንላጥ፣ ልጆቹን ተያቸው። አንዳንዱ ይቀየመኛል፤ ይቀየም።

አሁን ደግሞ የሚያመውን ልናገር። ከማል የሚባል ልጅ ነበረን። አንድ ሰውዬ መጥቶ አጎቱ ነኝ አለ። የአባቱን ስም ከነአያቱ ጠራ፣ ቀዬውን ጠራ፣ አለቀሰም። ጋሽ ይማም ራሳቸው አነጋግረው፣ ራሳቸው እጁን ይዘው አስረከቡት። ከወራት በኋላ ከደሴ ስንመለስ መኪናችን ውርጌሳ ላይ ቆመና ሻይ ልንጠጣ ወረድን። ብርጭቆ የሚያጥበው ልጅ ከማል ነበር። አንድ እጁ እስከ ክርኑ በፈላ ውሃ ተልጧል። ያ አጎት ነኝ ባይ ለሻይ ቤቱ አስቀጥሮት ኖሯል። ጋሽ ይማም ብርጭቆውን ከእጁ ተቀብለው አስቀመጡና "እንሂድ ልጄ" አሉት። መጣ። መጣ፣ ግን ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ጋሼ ብሎ ጠርቷቸው አያውቅም። ያጎረሱትን ይጎርሳል፣ ያለበሱትን ይለብሳል፣ ስማቸውን አያነሳም። እንደዚሁ ሆኖ አድጎ ሄደ። እሳቸው ይህን ነገር ያነሱብኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። "ሀዋ፣ ሰውዬውን ጠየቅሁ እንጂ ልጁን አልጠየቅሁትም" አሉኝ።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ጌትነት ከዚያ በኋላ ጥብቅ ደንብ አወጣ። ልጅ የሚጠይቅ ሰው ወላጅ ወይም የሥጋ ዘመድ መሆን አለበት። የልጁን አባት ስም ይናገር፣ ከቀበሌው ወረቀት ያምጣ፤ ያን ካላሟላ ልጁን በዓይኑም አያይም። ማንም አልተቃወመውም። የከማልን እጅ ያየ ሰው እንዴት ይቃወማል?

እንግዲህ ልጅቷ የመጣችው ደንቡ ከወጣ በኋላ ነው።

ከመርሳ የመጣ ሚኒባስ ወልድያ መናኸሪያ ሰው አራግፎ ሲያበቃ፣ ረዳቱ የኋላውን ወንበር ሊጠርግ ሲል አንዲት ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ተኝታ አገኘ። ፖሊስ ወደ እኛ አመጣት። ስሟን አትናገርም። ምንም አትናገርም። ጋሽ ይማም መሬት ላይ ቁጭ ብለው ያላቸውን ጥያቄ ሁሉ ጠየቁ፤ ስለ ዝናቡ ጠየቁ፣ ስለ ውሃው ጠየቁ። ታያቸዋለች እንጂ አፏን አትከፍትም። ሰላም አልናት። መርሳ ድረስ በየመስጊዱም በየቤተ ክርስቲያኑም አስነገርን። ልጅ ጠፋብኝ የሚል ሰው መጣ፣ አንዱም ደንቡን ሳያሟላ ተመለሰ። ወራት ሄዱ። ሰላም ሽሮዋን እየበላች፣ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሰማያዊው በር አጠገብ እየተቀመጠች ከረመች።

ያን ክረምት ነው ፈረንጇ ኤልሳ የመጣችው። ሃምሳን ያለፈች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ አገሯ ዳቦ ጋጋሪ የነበረች ሴት ናት። ባልም ልጅም የላትም። ክረምቱን በሙሉ ልትቆይ ነው የመጣችው። ሕጎቼን አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ሁሉንም ሰማችኝና "ምድጃው የት ነው?" አለች። እዚያው ወደድኳት። በማግስቱ ከሸክላና ከጭቃ የዳቦ ምድጃ መሥራት ጀመረች፣ ልጆቹ ጭቃ እያቦኩ፣ እሷም እስከ ጉልበቷ ተለቅልቃ። ማንንም አላቀፈችም። ሥራ ታስይዛቸዋለች፣ ሲሳሳቱ ትስቃለች። ሰላም በሦስት በአራት ቀኑ ከበሩ ተነስታ መጥታ ከጎኗ ቆመች። ኤልሳ ምንም ሳትላት ጥቂት ሊጥ ቆርሳ እጇ ላይ አስቀመጠችላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አይለያዩም። ሕጌ ተጣሰ፤ ቢሆንም ልጅቷ መሳቅ ስለጀመረች አላየሁም አልኩ።

አቶ ጌትነት ግን ጠርቶ ነገረን። ልጅቷ ስለማትናገር፣ ፈላጊም ስለሌላት፣ አዲስ አበባ ወዳለ ልዩ ድጋፍ ወደሚሰጥ ትልቅ ተቋም ልትዛወር ነው። መኪናው በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል። ጋሽ ይማም "ከዚህ ከራቀች ቤተሰቧን የሚያገኝ የለም፤ አለቀ" አሉ። እሱም "ጋሼ፣ እርስዎ ሌላ መላ ካለዎት ይንገሩኝ" አላቸው። አልነበራቸውም። ለኤልሳ ስነግራት ዱቄት የነካ እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ቆየች።

እሑድ ቀን ኤልሳ ዳቦ ጋገረችና ልጆቹን በምድጃው ዙሪያ አስቀመጠች። ከገበያ ማር ገዝታለች፣ ዳቦው ላይ ልትቀባላቸው። ገና አንዱን ሳትቆርስ ሰላም ብድግ አለች። ሄዳ የጋሽ ይማምን እጅጌ ያዘችና ጎትታ አመጣቻቸው፤ ከምድጃው ፊት ለፊት አስቀመጠቻቸው። ተመልሳ ሄደች። በረኛችንን አባባ በላይን ዱላቸውን ይዛ እየጎተተች አመጣችና ከጋሽ ይማም ጎን አስቀመጠች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግራ ገብቷቸው ይተያያሉ። እኛ ልጅቷ ጨዋታ የያዘች መስሎን እንስቃለን።

ሰላም የኤልሳን ቀኝ እጅ ያዘች። አውራ ጣቷን ማሩ ውስጥ ነከረችው። ከዚያ ሽማግሌዎቹን አንዴ አየቻቸውና ጣቱን አፏ ውስጥ አስገብታ ጠባች። ስትጨርስ ጎንበስ ብላ የኤልሳን ጉልበት ሳመች፣ ከዚያ የጋሽ ይማምን፣ ከዚያ የአባባ በላይን።

ሳቁ ቆመ። አባባ በላይ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ምን አደረግሁ?" አለችኝ ኤልሳ በእንግሊዝኛ።

"ልጅ ወለድሽ" አልኳት።

ልትስቅ ጀመረችና ፊቴን ስታይ ተወችው። አስረዳኋት። እኛ አገር ያልወለዱትን ልጅ ልጅ የማድረጊያ ወግ ነው ይሄ። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ አሳዳጊው አውራ ጣቱን ማር ይቀባል፣ ልጁ ይጠባል። ከዚያ ወዲያ የጡት ልጅ ይባላል፤ ከወለዱት አይለይም። አሁን አሁን ከተማ ውስጥ እምብዛም አይታይም። እኔ ራሴ በልጅነቴ አንድ ጊዜ ነው ያየሁት። ልጅቷ ጥለናት የምንሄድ መስሏት፣ ወይም ሰው አይመጣልኝም ብላ ቆርጣ፣ በደንቡ በወጉ ምስክር አስቀምጣ እናት ያዘች። እኔ እንግዲህ እዚያው አለቀስኩ፤ ምን ታደርጉኛላችሁ።

ጋሽ ይማም ግን አላለቀሱም። ከተቀመጡበት ተነሱ። ዓይናቸው እንዲያ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

"ሀዋ፣ ይቺ ልጅ ይህን የት አየችው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጋሼ?"

"ሽማግሌ ማስቀመጧን አየሽ? ጉልበት መሳሟን አየሽ? ይሄ ሰው ሲያወራ የሚሰማ ነገር አይደለም። በእሷ ላይ የተደረገ ነው። የጡት ልጅ ናት። እኛ ይሄን ሁሉ ወር የወለዳትን ነው የምንፈልገው። የሚፈልጋት ያልወለዳት ሰው ነው።"

ያኔ አባባ በላይ ዱላቸውን መሬት ላይ ጣሉት። "ወይኔ" አሉ ቀስ ብለው። "ያቺ የግራናዋ ሴትዮ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ በመጣች በጥቂት ሳምንት አንዲት በርበሬ ነጋዴ ከግራና መጥታ በሩን አንኳኩታ ነበር። ልጄ መርሳ መናኸሪያ ጠፋችብኝ አለች። አቶ ጌትነት ወጥቶ አነጋገራት። "ወልደዋታል?" አላት። "አልወለድኩም" አለች። "ዘመድዎ ናት?" "አይደለችም።" "አባቷ ማን ይባላል?" "ልጄ፣ አላውቀውም። እናቷ ጎረቤቴ ናት፣ ዓረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ ጠፋ። እኔ ነኝ ያጠባኋት" አለች። በደንቡ መሠረት ሄደች። አባባ በላይ በሩን የዘጉት እሳቸው ናቸው።

አቶ ጌትነትን ከቤቱ አስጠራነው። መጀመሪያ ደንቡን አነሳ፣ ከማልን አነሳ። ጋሽ ይማም "ልክ ነህ" አሉት። "ያ ሌባ ግን የአባቱን ስም ያውቅ ነበር። ይቺ እናት አላውቅም አለች። ውሸት መናገር ብትፈልግ አንድ ስም መጥራት ምን ያቅታት ነበር?" አቶ ጌትነት ጥሩ ልጅ ነው፣ አይዋሽም፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ መደወል ጀመረ፣ የሚፈረመውን አስፈረመን፣ "ነገ በጠዋት ሂዱ" አለን።

ሄድን። እኔ፣ ጋሽ ይማም፣ ኤልሳና ልጅቷ። ሚኒባሱ ሲሪንቃን አለፈ። ልጅቷ ኤልሳ ጭን ላይ ተቀምጣ የኤልሳን አውራ ጣት ይዛለች። ኤልሳ መንገዱን ሙሉ መስኮት መስኮቱን ስታይ ቆየችና "ሴትዮዋ እሷ ባትሆንስ?" አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "እሷ ብትሆንስ?" አለች። እጇን ያዝኩላት።

መርሳ ደረስን። መናኸሪያው ማንጎ በሚሸጡ ሴቶች ተሞልቷል። ልጅቷ ሚኒባሶቹን ስታይ ኤልሳ ደረት ውስጥ ተሸጎጠች። ባጃጅ ይዘን ወደ ግራና ተጓዝን። ገበያው ጫፍ ስንደርስ ጋሽ ይማም አስቆሙት። "ማንም እንዳይመራት" አሉን። "እንዳትጠይቋት፣ እንዳታሳዩዋት። እግሯ ካወቀው እግሯ ይነግረናል።" ወርደው ልጅቷን መሬት ላይ አቆሟትና እጇን ለቀቁ።

ቆመች። አንድ ፍየል አጠገቧ አለፈ። ዙሪያዋን አየች። ከዚያ መራመድ ጀመረች፣ መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ቀጥሎ ፈጠን ብላ። ወፍጮ ቤቱን አልፋ ወደ ግራ ታጠፈች። እኛ ከኋላዋ ነን፤ ጋሽ ይማም በዚያ ዕድሜያቸው ይሮጣሉ፣ ኤልሳ ትሮጣለች፣ እኔ ነጠላዬ ወድቆ እየጎተትኩት እሮጣለሁ። አንዲት ሴት ከደጇ ሆና "ያ ረቢ፣ ሰዓዳ አይደለችም እንዴ?" ስትል ሰማሁ። ሰዓዳ። ስሟን ያን ጊዜ ሰማነው። ልጅቷ አልቆመችም። የቁልቋል አጥር ተከትላ ወረደች፣ አንድ የቆርቆሮ በር ፊት ስትደርስ ግን ቀጥ አለች።

በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ጭናቸው ላይ በርበሬ ዘርግተው ይቀነጥሳሉ። ቀና አሉ። ሲነሱ በርበሬው ሁሉ ፈሰሰ።

"ሰዓዳ?" አሉ።

ልጅቷ አልሄደችም። ወደ ኋላዋ ዞራ ሮጣ መጥታ የኤልሳ ቀሚስ ውስጥ ፊቷን ቀበረች።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ተሳስተናል አልኩ በልቤ፤ ሌላ ከማል ልንሠራ ነው። ሴትዮዋ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ኤልሳ ልጅቷን አታቅፋት፣ አትገፋት፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንስታ ቆመች። መዲና ነበር የሴትዮዋ ስም። "ምን አደረግኋት?" አሉ እማማ መዲና ወደ እኛ እያዩ። "ጥያት የሄድኩ መስሏት ይሆን? ወላሂ፣ ወንበሩ ላይ አስተኝቻት ዕቃ ላወርድ ዞር ስል ነው ሚኒባሱ ይዟት የሄደው።"

ጋሽ ይማም መንገዱ ላይ፣ አቧራው ላይ፣ ቁጭ አሉ። ልጅቷን ከታች ሆነው አዩዋት። "ሰዓዳ" አሏት። "እናትሽን አልጠይቅም። እቴ ሀዋንም አልጠይቅም። የምጠይቀው አንቺን ነው። ለምን አትሄጂም?"

ፊቷን ከቀሚሱ ትንሽ ብቅ አደረገችና፣ ያን ሁሉ ወር ሰምተነው የማናውቀውን ድምፅ ሰማን። ቀጭን ነው፣ ትንሽ ሻከር ያለ። የተናገረችው ለጋሽ ይማም አይደለም።

"እማ፣ ሌላ ሰው ጠባሁ።"

ያ ሁሉ ፍርሃቷ ይሄ ኖሯል። ልጅቷ እናቷን ስታይ ደስታ ሳይሆን ጥፋቷ ነው የታወሳት። እማማ መዲና አንዴ ልጅቷን፣ አንዴ ያቺን ሰፊ ትከሻ ያላትን ፈረንጅ አዩ። ፊታቸው በእንባ ታጥቦ ሳቅ ሲመጣባቸው አየሁ።

"ታዲያ እናት ጨመርሽ እንጂ ምን አጠፋሽ?" አሏት። "ነይ ወዲህ፣ አለሜ።"

ሄደች። መሄድ አይባልም፣ በረረች። በርበሬው ላይ ተያይዘው ወደቁ። ጎረቤት ተሰብስቦ እልልታውን አቀለጠው። ጋሽ ይማም አቧራው ላይ እንደተቀመጡ ፊታቸውን በኩታቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ኤልሳ ክንዴን ይዛ "ምን አለች? ምን አለቻት?" ትለኛለች፤ እኔ ግን ከጎረቤቱ ጋር እልል እያልኩ ነው። እማማ መዲና ከመሬት ሆነው፣ ልጅቷን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ፣ ቀና ብለው ኤልሳን አዩዋትና እጃቸውን ዘረጉላት።

"አንቺስ ከደጅ ምን ያቆምሻል? ግቢ እንጂ" አሏት።

ይቺን እንኳ ላስተርጉምላት ብዬ ዞር ስል ኤልሳ አጠገቤ የለችም። ቀድማኝ ገብታለች።